አምስተኛ የሚባሉ ሰዎች

ልጄ ልታገባው ያሰበችው ልጅ ቻይናዊ መሆኑን ከነገረችኝ ወር አልፎት ነበር። እሱን ዋጥ አድርጌዋለሁ። ሥራ አለው አለችኝ፤ እሺ። አይጠጣም አለችኝ፤ እሺ። እዚህ ለንደን፣ ቶተንሃም ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ይዤው ልምጣ አለችኝ፤ ሰው ምን ይላል የሚለውን ለጊዜው ትቼ እሱንም እሺ አልኩ። የቤተሰቡን ስም የሰማሁት ግን ሆሎዌይ መንገድ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው።

«ዲዉ» አለችኝ። «ዲዉ ነው የሚባሉት። ሬር ነው፣ ማሚ። ቻይና ውስጥ ራሱ ብዙ ሰው የለውም።»

«ትርጉሙስ?»

«አምስተኛ።»

«የምን አምስተኛ?»

«ጀስት አምስተኛ።»

አውቶቡሱ መጣና ላይኛው ፎቅ ወጥተን ተቀመጥን። እሷ ስለ ቀለበት ታወራለች፤ እኔ የሰማሁት ነገር የለም። እናት ደስ ሲላት ደስታዋን፣ ሲከፋት ሐዘኗን ለልጇ ስም ታደርጋለች፤ ይገባኛል። ቁጥር ግን የሚሰጠው ወረፋ ለያዘ ሰው ነው፤ ለእስረኛ፣ ለስደተኛ፣ የካውንስል ቤት ለሚጠብቅ። አምስተኛ የሚባል ቤተሰብ አንድ የደበቀው ነገር አለ ብዬ ከአውቶቡስ ሳልወርድ ደመደምኩ።

ጠርጣራ ነኝ፤ አልክድም። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሳም። ከመንግሥት የሚላክ ቡናማ ፖስታ በበሩ ሲገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ እዚያው ቆሜ ነው የማነበው። ልጄ «ማሚ፣ አንቺ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» እያለች ትስቅብኛለች። አብሬያቸው የሆስፒታል ወለል የማጸዳቸው ሴቶችም እንደዚያው ይሉኛል። ለምን እንደዚህ እንደሆንኩ ግን አንዳቸውም አያውቁም ነበር።

ልጁ መጀመሪያ ቤቴ የመጣ ቀን ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ብርቱካን የሞላ ከረጢት በሁለት እጁ አቀበለኝ። ለንደን ያደገ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። አመጣጡ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጥያቄዬን አዘጋጅቼ ጠብቄዋለሁ፤ በእኛ ቤት ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሚቆጠረው ዘመድና ዘመድ እንዳይጋቡ ነው። ከቻይና የመጣ ልጅ ከእኔ ልጅ ጋር እንደማይዛመድ አጥቼው አይደለም። ቢሆንም ሰው እስከ ሰባት ሲቆጥር ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

«አባትህ ማን ይባላሉ?» አልኩት። ነገረኝ።

«አያትህስ?»

ወደ ልጄ ዞረ። «ዬዬ ነው የምንላቸው» አለ። ዬዬ ማለት በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

«እሱን አይደለም፤ ስማቸውን ነው የምልህ።»

ፊቱ ቀላ። «ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አይደለሁም። አባቴ ያውቃል፤ የስማችንንም ታሪክ የሚያውቀው እሱ ነው። ረጅም ታሪክ ነው።»

በቃ፣ እዚህ ላይ አበቃ አልኩ። የአያቱን ስም የማያውቅ ሰው! በእኛ አገር አፉን ገና የፈታ ሕፃን ማን ትባላለህ ሲሉት የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን አከታትሎ ይላል። ይህ ልጅ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ደግሞ ያስጠኑት ታሪክ አያቱ ጋ ሳይደርስ አልቆበታል። ስለ ማጥናት ደግሞ እኔን የሚያስተምረኝ ሰው የለም። የሰው አያት ስሙ በአክብሮት የማይጠራበት አገር ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈም።

ልጁ መታጠቢያ ቤት ሲገባ ልጄ ወጥ ታማስል ነበር። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ዐይኔን በጨው አጥቤ የኪስ ቦርሳውን አወጣሁና መንጃ ፈቃዱን ቼክ አደረግሁ። ዲዉ ይላል። ፎቶው እሱ ነው። ልደቱም ልጄ እንደነገረችኝ ነው። የውሃው ድምፅ ሲቆም ቶሎ መለስኩትና ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከብርቱካኑ ጋር ፓስፖርቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝና ልጄን ሊያግዝ ወደ ኩሽና ሄደ። መንጃ ፈቃዱን አዙሬ ከትቼው ኖሯል። አፈርኩ፤ ጆሮዬ ድረስ ነው የጋለኝ። ነገር ግን ሳይጠየቅ ፓስፖርቱን የሚያሳይ ሰው እንዴት ይታመናል ብዬ ያን ሌሊት ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ከፎቃችን ሥር ያለው የቻይና ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ ከሆንግ ኮንግ የመጣች፣ ለዓመታት የተጠበሰ ሩዝ የምትሸጥልኝ፣ ወሬ የማትጠላ ሴት ናት። ስሙን ጽፌ አሳየኋት፤ ትርጉሙንም ነገርኳት። መነጽሯን አወጣች፣ ባሏን ጠራች፣ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰምቼው አላውቅም» አለችኝ። «የእኛ የቤተሰብ ስም ባንድ ፊደል ነው የሚጻፈው። ይሄ ሁለት ነው። ደግሞ ቁጥር ነው። ማን ነው ይህ ስሜ ነው ያለሽ?»

«ልጄን ሊያገባ ነው።»

«ተጠንቀቂ» አለችኝ፤ ሩዜንም ጨመር አደረገችልኝ።

ቤት ደርሼ ለልጄ ደወልኩ። አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ ይህ ስም የሰው ስም አይደለም፣ የአገሩ ሰው እንኳ አያውቀውም፣ ልጁ ሰባት አባቱን እስኪቆጥር ድረስ ከእኔ ምርቃት እንዳትጠብቂ አልኳት። ስትቆጣ አማርኛዋ ይጠፋታል፤ በእንግሊዝኛ ለረጅም ጊዜ አወራች። መጨረሻ ላይ ግን ረጋ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«ፋይን። አባቱ በሚቀጥለው ወር ከቻይና ይመጣሉ። የቤተሰብ መጽሐፍ አላቸው፣ ሁሉም ስም ተጽፎበታል። ይዘውት ይመጣሉ። ግን እኛንም መጻፍ ይፈልጋሉ፣ ኦኬ? እኔ መጽሐፉ ውስጥ ስገባ የአንቺን አባት፣ የአባትሽን አባት፣ ሁሉንም ነው የሚጽፉት። ማሚ ሰባት ትቆጥራለች፣ ኢዚ ነው ብያቸዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላም ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ የራሴን መናገር አለብኝ። ለንደን የመጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ የአጎቴ ልጅ ተብዬ ነው። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። እሱ እዚህ ወረቀት አግኝቶ ልጆቹን ለማምጣት አፕላይ ሲያደርግ፣ እናቴ ሞታ ስለነበር እኔንም ልጄ ናት ብሎ ጨመረኝ። አገር ቤት ከቀበሌ ማስረጃ ተጠየቀ፤ ሦስት ምስክር ያስፈልጋል ተባለ። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ሦስተኛው አባቴ ነው። ይህች ልጅ የዚያ ሰው ልጅ መሆኗን አውቃለሁ ብሎ ፈረመ። ስንወጣ የጸሐፊውን እስክሪብቶ ሳይመልስ ይዞት ወጥቶ ነበር። በመንገድ ላይ ለስላሳ ገዛልኝና አባቶቼን እስከ ሰባት አስቆጠረኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «የወረቀቱን ለእነሱ ትያቸዋለሽ። ይሄን ለራስሽ ያዥው» አለኝ።

ኤምባሲ ውስጥ የወረቀቱን አልኳቸው። በጥያቄ ላይ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ አጥንቼው ስለነበር አንዱንም አልሳትኩም። የልጄ አባት ሳትወለድ ጥሎን ሲሄድ እሷን ያስመዘገብኳት በእኔ ስም ነው፤ ማለትም በአጎቴ ስም። ለእሷ አያቷ እሱ ነው። በትምህርት ቤት የቤተሰብሽን ዛፍ ሳዪ ስትባል እሱን ሥላ መጥታለች። እኔም እሱን እቤት ማንም ሳይኖር «ጋሼ»፣ እሷ ፊት «አባዬ» እያልኩ ነው የኖርኩት። አገር ቤት አባቴ ሲሞት ለአለቃዬ አጎቴ ሞተ አልኩ፤ ለአጎት የሐዘን ፈቃድ አንድ ቀን ነው ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ገብቼ ወለል አጸዳሁ። ፓስፖርቴን እንዳይነጥቁኝ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። እያደር ግን ከፓስፖርቱ ይልቅ ልጄን መፍራት ጀመርኩ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስዋሻት እንደኖርኩ ብታውቅ በምን ዐይን ታየኛለች ብዬ።

ቅዳሜ ኪልበርን ወደ አጎቴ ሄድኩ። አርጅቷል፤ በሩን ለመክፈት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። ነገሩን ስነግረው አልደነገጠም።

«እኔ እቆጥርላቸዋለሁ» አለ። «የእኔን አባቶች እቆጥራለሁ። ውሸት አይደለም፤ የእናትሽ አባቶች ናቸው።»

«የአባቴስ፣ ጋሼ?»

«አባትሽ ራሱ ፈርሞ የለም?»

እርስዎ ያሉት ይሁን ብዬ እጁን ስሜ ወጣሁ፤ ኪልበርን መንገድ ላይ ግን የሱቆቹን መስታወት እያየሁ አባቶቼን በውስጤ ቆጠርኩ። ሁሉም አሉ።

የልጁ አባት የመጡ ቀን ዝናብ ነበር። እንደ ልጃቸው ቀጭን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ መኖሪያቸው ከሺያን ከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነው። አጎቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ዋናው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉት። ከዚያ በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡና እጃቸውን ሊታጠቡ ፈቃድ ጠየቁ። እኔ እጃቸውን፣ ጨርቁን፣ የመጽሐፉን ጠርዝ እያየሁ ነበር። ወረቀቱ አዲስ ነው። ያዝኳቸው አልኩ በልቤ።

«መጽሐፉ አዲስ ይመስላል» አልኩ። ልጁ ተረጎመላቸው።

«አዎ» አሉ። «የድሮው በባህል አብዮቱ ዘመን ተቃጥሏል። ይህን አባቴ በቃላቸው የያዙትን ነግረውኝ የጻፍኩት ነው።» የአባታቸውን ስም በጣት አሳዩን እንጂ አልጠሩም። ለልጃቸውም አሳዩት፤ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ያስታውቃል፣ ጠጋ ብሎ አነበበው። ልጁ ሲዋሽ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ የስሙን ታሪክ ነገሩን። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በምሥራቅ በኩል ቺ የሚባል መንግሥት ነበር፤ ገዢዎቹ ትየን የሚባሉ ቤተሰብ ነበሩ። በኋላ ሌላ ንጉሥ አገሩን በሙሉ ጠቅልሎ ያዘ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ሀብትም ዘመድም አላቸው፣ አንድ ቀን ይነሱብኛል ብሎ ጠረጠራቸው። ከአገራቸው ነቅሎ ወደ ምዕራብ አመጣቸውና ዐይኑ ሥር፣ ከዋና ከተማው አጠገብ አሰፈራቸው። ሁሉም ትየን ስለነበሩ እንዲለዩ ተብሎ በቤት በቤት ተቆጠሩ፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እስከ ስምንተኛ። ቁጥሩ ስም ሆኖ ቀረ። ጊዜ ሲያልፍ አብዛኞቹ ሌላ ስም ያዙ፣ ጠፉ፤ ከሁሉም በርከት ብሎ የቆየው አምስተኛው ነው። ከአምስተኞቹም ቢሆን በሰው ዘንድ እንዳይሳቅባቸው አሳጥረው «ዉ» ብቻ የሚሉ አሉ።

«እርስዎ ለምን አላሳጠሩትም?» አልኳቸው። ድምፄ ያኔ እንደ መርማሪ አልነበረም።

«ልጅ ሆኜ ይስቁብኝ ነበር፤ ጠላሁት» አሉ። «አባቴ ግን ትየን እንደነበርን እስካወቅህ ድረስ ቁጥሩን ብትሸከመው ምንም አትሆንም አሉኝ።»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እህል ማየት አልቻልኩም። ያን ሁሉ ጊዜ ስም የቀየረ ሰው ይሸተኛል ስል የኖርኩት የራሴ ሽታ ነበር፤ ሌላ ምን ልበል።

ሰውየው መጽሐፉን የልጃቸው ስም ያለበት ገጽ ላይ ገለጡ። አጠገቡ ባዶ መስመር አለ። እስክሪብቶ አወጡና ወደ አጎቴ ዞሩ። «የእሷ አባት እርስዎ ነዎት?» ብለው ወደ እኔ እየጠቆሙ በልጃቸው በኩል ጠየቁ።

አጎቴ እንደተነጋገርነው ስሙን ተናገረ። ልጁ ፊደል በፊደል እየነገራቸው ሰውየው ሊጽፉ ጎንበስ አሉ። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ነው አባቴን ያየሁት፤ ቀበሌ ውስጥ፣ እንደዚሁ ጎንበስ ብሎ።

«ቆይ!» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ሁሉም ግን ገባቸው። «እሱ አባቴ አይደለም። አጎቴ ነው።»

ልጄ ሳቀች፤ የምቀልድ መስሏት ነው። እኔ የአባቴን ስም ጠራሁ። ለንደን ውስጥ ጮክ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። አያቴን ጠራሁ፣ ቅድመ አያቴን ጠራሁ፣ እንዲህ እያልኩ እስከ ሰባት ሄድኩ፤ ሰውየው አንዱን ሳያስቀሩ ጻፉ። አጎቴ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገና «በሉ እንብላ፣ ቀዘቀዘ» አለ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

«ማሚ፣ ሁ ኢዝ ዛት?» አለች ልጄ። «የመጀመሪያው ሰውዬ ማነው?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀበሌውን፣ ምስክሩን፣ ለስላሳውን። አላቋረጠችኝም።

«ስምንት ዓመቴ ነበር» አለች። «አጎቴ ሞተ ብለሽኝ ካርድ ሠርቼልሻለሁ። ሶሪ ፎር ዩር አንክል ብዬ ጽፌበታለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ውሃውን ከፍተሽ ነበር። እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«የእኔ አያት ነበር። ካርዱ ላይ ግን የአንቺ አጎት ነው።» ከዚያ ካፖርቷን አነሳች። አጎቴን ጉንጩን ሳመችው። እኔን አልሳመችኝም። ልጁ በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ በሁለት እጁ እጄን ያዘ፤ ያን መንጃ ፈቃድ የመረመረ እጄን። አንጀቴን በላው።

ሦስት ሳምንት አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፤ ምን ብዬ። ማታ ማታ የዚያን ካርድ ሥዕል ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ አበባ ይሁን ቤት ይጠፋኛል። ሰርግ ያለ እኔ ያደርጋሉ ብዬ ጠረጠርኩ። ሰውየው መጽሐፉን ለሰው ያሳያሉ፣ ሰውም ለሌላ ሰው ያወራል ብዬም ጠረጠርኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ በሩን ሁለቴ ቼክ አድርጌያለሁ፤ የማንንም ስም የማልጠራው ለዚሁ ነው።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት አገኘሁ። የእሷ ነው። ሰላምታ የለውም። አውቶቡሱ ውስጥ፣ ሰው በተሞላበት፣ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት።

የአባቴን ስም ትላለች። ትንሽ ቆይታ የአያቴን ትላለች። በዚያ በለንደን አማርኛዋ፣ አንዳንዱን እያጠበቀች ሌላውን እያላላች፣ ሦስተኛውን ደግማ አስተካክላ፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን። ከሰውየው መጽሐፍ ላይ ልጁን እያስነበበች እንዳጠናችው ገባኝ። ስድስተኛውን አለችና መልእክቱ እዚያ ላይ አለቀ።

ሰባተኛውን አልጠራችም። በኋላ ረስቼው ነው ብላኛለች። እኔ ግን ልጄን አውቃታለሁ፤ እንድደውልላት ሆን ብላ ነው የተወችው ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ፌርማታዬ ሳይደርስ ወርጄ ደወልኩላት።